ስለ ትንሿ ሽጉጥ፤ ለወይጦ መንገደኞችና ለቤተ ሰቦቻቸው



ከኮንሶ ተነሥቶ ወደ ጂንካ የሚጓዝ ሰው ከእርከኑ አገር ወርዶ የወይጦን ወንዝ በተሻገረ ጊዜ አየሩም ምድሩም ተለውጦ ያገኘዋል። ሙቀቱ ይበረታል፤ ግራሩ ይበዛል፤ የመንገዱ አቧራ ከልብስ አልፎ ከጥርስ ይገባል። አገሩ የጸማይ ሕዝብ አገር ነው። ወንዙም ቁልቁል ወርዶ በአርቦሬ መንደሮች በኩል ወደ ጨው ባሕር ይሄዳል። በመንገዱ ዳር ባለችው በትንሿ ከተማ የእርሻ ሠራተኛው፣ የከብት ነጋዴው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩና መምህሩ ከየአገሩ መጥተው ጐረቤት ሆነው ይኖራሉ። በዚህ ስፍራ ጠብመንጃ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እረኛው ከብቱን ሲያሰማራ ጠብመንጃውን በትከሻው ያነግታልና።

እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር አባወራ፣ ይልቁንም የከብትና የእህል ገንዘብ ይዞ የሚመላለስ ሰው፣ ጠብመንጃ ማንገት ባይሆንለት እንኳ አንዲት ትንሽ ሽጉጥ በወገቡ ብትኖር ልቡ የሚያርፍለት ይመስለዋል። ስለዚህም «የትኛዪቱ ትሻላለች?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። የልጆቹን እንጀራ ይዞ በጭለማ የሚጓዝ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። እኛም ጠያቂውን ሳንነቅፍ ነገሩን በተራ እንመረምራለን። መጀመሪያ ሕጉን፣ ቀጥሎ የመሣሪያዪቱን ጠባይ፣ ከዚያም የሚመርጥ ሰው ሊመለከተው የሚገባውን፣ በመጨረሻም ሽጉጥ ወደ ቤት ስትገባ አብሯት የሚገባውን ዕዳ እናያለን።

፩ኛ፤ ስለ ሕጉ

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 ማንም ሰው ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ እንዳይዝ፣ እንዳይሸጥና እንዳያዘዋውር ይከለክላል። ይህንንም የመቆጣጠር ኃላፊነት የተሰጠው ለፌዴራል ፖሊስ ነው። እንግዲህ «የትኛዪቱን ልምረጥ?» ከማለት አስቀድሞ «ፈቃድ ይሰጠኛልን?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሚጠየቀውም በፖሊስ ጣቢያ ነው እንጂ በገበያ ጥግ በሹክሹክታ አይደለም።

በወይጦ ብዙ መሣሪያ በገሃድ ስለሚታይ ሕጉ እዚያ የማይሠራ የሚመስለው ሰው አለ። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ነጋዴው በከብት መንገድ ብቻ የሚኖር ሰው አይደለም፤ ዛሬ ወይጦ ቢያድር ነገ ኮንሶ፣ ከነገ ወዲያ አርባ ምንጭ ይሄዳል። በየኬላው ይፈተሻል። ከሌባ ያድነኛል ብሎ የያዛት ዕቃ ራሱን እንደ ወንጀለኛ ታስይዘዋለች። ከዚህም ሌላ ያለ ወረቀት የተገዛች ሽጉጥ ታሪኳ አይታወቅም፤ በማን እጅ እንደ ነበረች፣ ማን እንደ ተገደለባት የሚነግር የለም። ገዢው ርካሽ ዕቃ ያገኘ ሲመስለው የሌላውን ሰው ደም በወገቡ ታጥቆ ሊሄድ ይችላል።

ፈቃድ ያገኘም ቢሆን ፈቃዱ የተሰጠው ለእርሱ መሆኑን አይርሳ። ሽጉጥ እንደ መጥረቢያና እንደ በቅሎ ለወንድም፣ ለአማች ወይም ለሾፌር የሚያውሷት ዕቃ አይደለችም።

፪ኛ፤ ስለ መሣሪያዪቱ ጠባይ

በውጭ ቋንቋ ሪቮልቨር የምትባለው ሽጉጥ ጥይቶቿን በሚሽከረከር ክብ የጥይት ቤት ውስጥ የምትይዝ ናት። ሳሙኤል ኮልት የተባለው አሜሪካዊ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1836 በአገሩ የፈጠራ መብት ካገኘባት ወዲህ በዓለም ሁሉ ታወቀች። ከእርሱ በፊት የነበረው የተለመደው ሽጉጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከተተኰሰ በኋላ ባሩዱና እርሳሱ እንደ ገና መጠቅጠቅ ነበረበት። የኮልት ሽጉጥ ግን የጥይት ቤቷ በዞረ ቍጥር አዲስ ጥይት ከአፈሙዙ ፊት ታቀርባለች። የእኛ ሰዎችም አምስት የምትይዘውን አምስት ጐራሽ፣ ስድስት የምትይዘውን ስድስት ጐራሽ ይሏታል።

ከዚህች ወገን ለወገብና ለኪስ ተብለው ያጠሩት ሽጉጦች ሃያኛው መቶ ዓመት ያስፋፋቸው ናቸው። በ1927 እ.ኤ.አ. የኮልት ፋብሪካ ለመርማሪ ፖሊሶች ብሎ ያወጣት «ዲቴክቲቭ ስፔሻል» ስድስት ጐራሽ ነበረች። በ1950 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የተባለው ፋብሪካ «ቺፍስ ስፔሻል» የተባለችውን አምስት ጐራሽ አወጣ። የሁለቱም አፈሙዝ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጥይታቸውም «ሠላሳ ስምንት ስፔሻል» ይባላል፤ ስሙ ሠላሳ ስምንት ይሁን እንጂ የእርሳሱ ውፍረት ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዛሬ ትንሽ ሪቮልቨር ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የእነዚህ የሁለቱ ዘር ናት።

አተኳኰሷ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ምላጩን ብቻ ረዘም አድርጎ በመሳብ ነው። በዚህ ጊዜ ምላጩ የጥይት ቤቱን ያዞራል፣ መቺውንም ወደ ኋላ ወስዶ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ይከብዳል፤ አምስት ኪሎ ያህል ጕልበት ይጠይቃል። ሁለተኛው፣ መቺውን አስቀድሞ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ስቦ ካቆሙት በኋላ ምላጩን መንካት ነው። ያን ጊዜ ምላጩ እጅግ ስለሚቀል የሚንቀጠቀጥ ጣት ሳያስበው ሊያስተኩሳት ይችላል። የፈራ ሰው እጁ መንቀጥቀጡ የታወቀ ነው፤ እንግዲህ ሽጉጥ የሚያወጣው ሰው ሁሉ ደግሞ የፈራ ሰው ነው።

፫ኛ፤ ስለ ምርጫው

ሕግ የፈቀደለት፣ ሥራውም በእርግጥ የሚያስገድደው ሰው በምርጫ ጊዜ የሚከተሉትን ነገሮች ይመልከት።

መጀመሪያ ክብደቷን ነው። ሁለንተናዋ ከብረት የተሠራችው አምስት ጐራሽ ከግማሽ ኪሎ ጥቂት ትበልጣለች፤ አካሏ ከአሉሚኒየም የተሠራው ደግሞ አራት መቶ ሃያ ግራም ያህል ናት። ገዢው ቀላሏን ይወዳል። ዳሩ ግን የጥይቱ ኀይል አንድ ከሆነ ቀላል ሽጉጥ እጅን አብዝታ ትመታለች። ከመጀመሪያው ተኵስ በኋላ አፈሙዟ ወደ ላይ ይዘላል፤ ሁለተኛው ጥይት የት እንደሚሄድ ተኳሹም አያውቀው። በወይጦ መንገድ ግራና ቀኝ ደግሞ ሕፃናት ፍየል ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው የአፈሙዟ ርዝመት ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር አፈሙዝ ለመሸሸግ ይመቻል፤ ለማነጣጠር ግን አይመችም። ትንሿ ሽጉጥ ከጥቂት እርምጃ በላይ ባለው ርቀት በሠለጠነ እጅ ካልሆነ በቀር የምትታመን አይደለችም። ለመሠልጠንም በሕግ የተፈቀደ የመተኰሻ ስፍራና የሚያስተምር ሰው ያስፈልጋል። በዱር ውስጥ ዛፍ እየመቱ መለማመድ ሥልጠና አይባልም፤ እረኛውን ያስደነግጣል፣ መንደሩንም ለጠብ ያስነሣል።

ሦስተኛው የመከላከያ ብረቷ ነው። በድሮዎቹ ሪቮልቨሮች መቺው በጥይቱ መቀስቀሻ ላይ ያርፍ ስለ ነበረ፣ ወድቃ መሬት ብትመታ ምላጯን ማንም ሳይነካ ትተኩስ ነበር። ዐዋቂዎች ስድስት ጐራሿን አምስት ብቻ አጕርሰው መቺውን በባዶው ቤት ላይ ያሳርፉት የነበረው ስለዚህ ነው። በ1944 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንድ አሜሪካዊ መርከበኛ የወደቀ ሪቮልቨር ተኵሶ ስለ ገደለው የመቺው ማገጃ እንደ ገና ተሻሽሎ እንዲሠራ ሆኗል። በዘመናዊዎቹ ውስጥ ምላጩ እስከ መጨረሻ ካልተሳበ መቺው ወደ ጥይቱ እንዳይደርስ የሚያግድ ብረት አለ። የጥንት ሽጉጥ ከአያቱ የወረሰ ሰው ይህን ይወቅ፤ ለመታሰቢያ ብትቀመጥ እንጂ ተጐርሳ በወገብ የምትያዝ አይደለችም። ለመታሰቢያነትም ቢሆን ፈቃድ ያስፈልጋታል።

አራተኛው ብረቷ ነው። የወይጦ ላብና አቧራ ጥቍሩን ብረት ቶሎ ያዝገዋል። የማይዝግ ብረት ሪቮልቨር በ1965 እ.ኤ.አ. ከወጣ ወዲህ ለቆላ አገር የሚሻለው ያ ዓይነቱ ነው። የማይዝግ ማለት ግን የማይጠረግ ማለት አይደለም። አቧራ ከጥይት ቤቱ ማዞሪያ ከገባ መሣሪያዪቱ ትነቀዛለች። ዘይት ደግሞ በዝቶ ወደ ጥይቱ ከሰረገ መቀስቀሻውን ያከሽፋል። ስለዚህ የያዛት ሰው ጥይቱን አውጥቶ ባዶነቷን በዓይኑም በጣቱም ካረጋገጠ በኋላ ዘወትር ሊወለውላት ይገባል። ይህን የማያደርግ ሰው የዛገ ቁራጭ ብረት ተሸክሞ ጠባቂ አለኝ እያለ ራሱን ያታልላል።

አምስተኛው ሰገባዋ ነው። ሽጉጥን ከመክፈቻና ከሳንቲም ጋራ በኪስ መክተት ወይም እንዲሁ በቀበቶ ሥር መሸጐጥ አደገኛ ልማድ ነው። ምላጩን የከበበውን ቀለበት ፈጽሞ የሚሸፍን ጠንካራ የቆዳ ሰገባ ያስፈልጋታል። ለሽጉጡ ብዙ ብር አውጥቶ በሰገባው የሚነፍግ ሰው ጭኑን ያስመታል።

፬ኛ፤ ልታደርገው ስለማትችለው ነገር

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቢሟላ ይህች መሣሪያ ምን ታደርጋለች? በወይጦ መንገድ ላይ የሚፈራው አደጋ አንድ ኪስ አውላቂ አይደለም። የሚፈራው ከቍጥቋጦ ውስጥ ክላሽንኮቭ ደግኖ የሚጠብቅ ሰው ነው። ክላሽንኮቭ ሠላሳ ጥይት ይጐርሳል፤ ከሩቅም ይመታል። አምስት ጐራሽ ሽጉጥ በእርሱ ፊት ምንም አይደለችም። ይልቁንም ዝርፊያውን ወደ ግድያ ትለውጠዋለች፤ ገንዘቡን ወስዶ ሊሄድ የነበረ ወንበዴ እጅ ወደ ወገብ ሲሄድ ባየ ጊዜ ይተኩሳልና።

መሣሪያ በመሣሪያ ላይ መጨመር ወዴት እንደሚያደርስ የታችኛው ኦሞ ሸለቆ አሳይቶናል። በዚያ አገር ለረጅም ዘመን ሰዎች የነበራቸው አሮጌ ጠብመንጃ ነበር። በሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ክላሽንኮቭ ወደ ኛንጋቶም ገባ። በ1979 ዓ.ም. በየካቲት ወር ኛንጋቶሞች በደቡቡ የሙርሲ ሕዝብ ላይ በዚህ መሣሪያ ተነሡ፤ ዴቪድ ተርተን የተባለው እንግሊዛዊ የሥነ ሰብእ ምሁር እንደ ጻፈውም በጥቂት ጊዜ ውስጥ የሞተው ሰው በብዙ መቶ የሚቈጠር ሆነ። ሙርሲዎችም በኋላ ያንኑ መሣሪያ ፈልገው አገኙ። ጠብመንጃ ከከብት ጋራ ለጥሎሽ በሚሰጥበት አገር የመሣሪያው መለወጥ የጋብቻውንም የጠቡንም ዋጋ ለወጠው። ቀድሞ አንድ ሰው ይሞትበት የነበረው ጠብ አሁን መንደር ያጠፋል። እንግዲህ ነጋዴው ሽጉጥ ቢይዝ ቀማኛው ጠብመንጃ ይይዛል፤ ነጋዴው ጠብመንጃ ቢይዝ ቀማኞቹ ሦስት ሆነው ይመጣሉ።

፭ኛ፤ ከኦሪት ሦስት ፍርዶች

ሽጉጥ በኦሪት ዘመን አልነበረችም፤ ዳሩ ግን ስለ እርስዋ የሚጠቅሙ ሦስት ፍርዶች በኦሪት ይገኛሉ።

አንደኛው በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 22 ያለው ስለ ሌባ የተጻፈው ነው። ሌባ በሌሊት ቤት ሲሰብር ተመትቶ ቢሞት በመቺው ላይ የደም ዕዳ የለበትም፤ ፀሓይ ከወጣች በኋላ ከሆነ ግን ዕዳ አለበት። ምክንያቱም ግልጥ ነው። በጭለማ የገባው ለገንዘብ ይሁን ለነፍስ አይታወቅም፤ በቀን ግን ይታያል፤ ጩኸት ይሰማል፤ ረዳት ይመጣል። የዛሬውም የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በ1996 ዓ.ም. በወጣው በአንቀጽ 78 የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። ሕጋዊ መከላከል የሚባለው አደጋው የሕግ ድጋፍ የሌለውና የደረሰ ወይም በእርግጥ ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይቻል ሲሆን፣ አጸፋውም ከአደጋው ጋራ የተመዛዘነ ሲሆን ነው። ከዚህ መጠን ያለፈ በአንቀጽ 79 ይጠየቃል። ፍየል ሰርቆ የሚሸሸውን ወጣት ከኋላው መምታት መከላከል አይባልም። በቆላውም ዘንድ ደም የአንድ ሰው ጉዳይ ሆኖ አይቀርም፤ ወገን ለወገን ይነሣል፤ ነገ በዚያው መንገድ የሚያልፈው የነጋዴው ልጅ ነው።

ሁለተኛው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 ያለው ነው። ሁለት ሰዎች እንጨት ሊቈርጡ ዱር ሄደው የአንዱ መጥረቢያ ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው፣ ያልታሰበ ሞት ነውና ገዳዩ ወደ መማጸኛ ከተማ ይሸሽ ዘንድ ተፈቅዶለታል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ጠላትነት ሳይኖረው የገደለ ሰው እንኳ ቤቱን ትቶ ተሰድዷል። ሳይታሰብ ከሽጉጥ የወጣች ጥይትም እንዲሁ ናት። ዛሬም «አላወቅሁም ነበር» ማለት ነፃ አያወጣም፤ በቸልተኝነት ሰውን መግደል በወንጀል ሕጉ በአንቀጽ 543 ያስቀጣል። መጥረቢያው ከመወርወሩ በፊት እጀታውን ማጥበቅ ይቻል ነበር።

ሦስተኛው በዚያው በኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 22 ይገኛል። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ወድቆ ቤቱን ባለ ዕዳ እንዳያደርገው በጣራው ዙሪያ መከታ ያድርግ ተብሎ ታዝዟል። ይህ ፍርድ ለቤተ ሰብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልግ ነው። የቤቱ ጌታ በቤቱ ውስጥ ለሚደርሰው አደጋ አስቀድሞ እንዲያስብ ያዝዛልና። ሽጉጥ ወደ ቤቱ ያስገባ ሰው መከታውን አብሮ ማስገባት አለበት። መከታውም ይህ ነው፦ ሽጉጥዋ ባዶዋን ሆና በብረት ሣጥን ትቈለፍ፤ ጥይቱ በሌላ ቦታ ይቈለፍ፤ ቍልፉ ከባለቤቱ አንገት ወይም ወገብ አይለይ። ከትራስ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ላይ፣ ከእህል ጐተራ ውስጥ መደበቅ መቈለፍ አይደለም። ልጆች በቤት ውስጥ የማያውቁት መደበቂያ የለም፤ ማሩንም ስኳሩንም ያገኙታል።

«ምላጯ ይከብዳልና ሕፃን አይስበውም» የሚል ሰው ቢኖር ይህን ይስማ። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሐኪሞች የልጆችን የጣት ጕልበት መዝነው ነበር። በሁለት ሌባ ጣታቸው አራት ተኩል ኪሎ ያህል ለመሳብ የቻሉት ከሦስትና ከአራት ዓመት ልጆች ሃያ አምስት በመቶ፣ ከአምስትና ከስድስት ዓመት ልጆች ሰባ በመቶ፣ ከሰባትና ከስምንት ዓመት ልጆች ዘጠና በመቶ ሆኑ። አብረው ከተመረመሩት ስድሳ አራት ሽጉጦች መካከል ከዚህ የበለጠ ጕልበት የሚጠይቁት አምስት ብቻ ነበሩ። የአንደኛ ክፍል ተማሪ «ሀሁ»ን ሳይጨርስ ሽጉጥ ለመተኰስ የሚበቃ ጣት አለው ማለት ነው።

፮ኛ፤ ስለ ኀዘን ቀን

አሁን ለመናገር የሚከብደውን ነገር እንናገር። ሰው ሽጉጥ ሲገዛ ከደጅ የሚመጣውን ጠላት ያስባል። ከቤት ውስጥ የሚነሣውን ኀዘን፣ ስካርና ቍጣ አያስብም።

ዐፄ ቴዎድሮስ ለቆንሲል ፕላውደን ስላደረጉት ደግነት ከንግሥት ቪክቶሪያ በምስጋና የተላከላቸው ሽጉጥ ነበራቸው። የወዳጅነት ገጸ በረከት ነበረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን የሠዉት በዚያው በንግሥቲቱ ሽጉጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለጠላት እጅ አልሰጥም ብለው ያደረጉትን ታሪክ በክብር ያስበዋል፤ እኛም ልንፈርድባቸው አልጠቀስነውም። የምንለው፣ መሣሪያ ለተሰጠበት ጉዳይ ብቻ ታስሮ አይኖርም፤ ሰጪውም ተቀባዩም ያላሰቡት ቀን ይመጣል።

በተራ ሰው ቤት የሚሆነውን ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች በሲያትል ከተማና በአካባቢዋ መርምረው በ1986 እ.ኤ.አ. አሳትመውታል። ለስድስት ዓመት ያህል በየቤቱ በተቀመጠ መሣሪያ በዚያው ቤት የሞተውን ሰው ቈጠሩ። ራስን ለመከላከል ለተገደለ ለአንድ ሰው ራሳቸውን የገደሉ ሠላሳ ሰባት፣ በወንጀል የተገደሉ ከአራት በላይ፣ በድንገት አደጋም የሞተ ከአንድ በላይ ሆኖ ተገኘ። አገሩ ሌላ ነው፤ ቍጥሩን ለወይጦ እንዳለ መውሰድ አይገባም። የሰው ልብ ግን አንድ ነው። ዕዳ ያስጨነቀው አባት፣ ፈተና የወደቀ ጐረምሳ፣ ከባልዋ ጋራ የተጣላች ሚስት በእኛም ቤት አሉ። ክፉው ሐሳብ የሚመጣው ለአንድ ሰዓት ወይም ለአንድ ሌሊት ነው። በዚያች ሰዓት መሣሪያ በእጅ ካልተገኘ ሌሊቱ ይነጋል፤ ጐረቤት ይመጣል፤ የንስሓ አባት ይጠራል፤ ሐኪም ይታያል። ስለዚህ በቤቱ ጭንቀት ወይም መጠጥ የገባ እንደ ሆነ ሽጉጥዋ በዚያኑ ዕለት ከቤት ወጥታ በሕግ አደራ ወደምትቀመጥበት ትሂድ። አረቄ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ከመጀመሪያውም ሽጉጥ መያዝ የለበትም።

፯ኛ፤ ሌላው መንገድ

ጠያቂው ነጋዴ «እንግዲያማ ገንዘቤን ለቀማኛ ልስጥን?» ይል ይሆናል። አይደለም። ቀማኛን የሚጠራው ገንዘቡ ነው፤ ስለዚህ ከመንገዱ ላይ የሚነሣው ገንዘቡ ነው። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ኢትዮ ቴሌኮም በዘረጋው በቴሌብር ገንዘብን ከስልክ ወደ ስልክ መላክ ተችሏል። ባንክም ቢሆን ከቀድሞው ይልቅ ቀርቧል። የበሬ ዋጋ በሞባይል ከተላለፈ በነጋዴው ኪስ የሚቀረው የምሳና የትራንስፖርት ብቻ ነው። ገንዘብ እንደማይዝ የታወቀ ነጋዴን ማንም አይጠብቀውም።

ሁለተኛ፣ ጕዞ በቀን ይሁን። የቀይ አፈር ገበያ ሐሙስ ነው፤ የሚመለሰው ሰው ብዙ ነውና አንድ ላይ መመለስ ይቻላል። ገበያተኛው ሁሉ ከሄደ በኋላ ለሁለት ብር ትርፍ ብሎ የሚያመሽ ነጋዴ ራሱን ለአደጋ ይሰጣል።

ሦስተኛውና ዋናው ወዳጅነት ነው። በወይጦ የሚኖር ከደጋ የመጣ ሰው የጸማይን ቋንቋ ጥቂት ቢማር፣ በሚዛኑ ባያጭበረብር፣ በችግራቸው ጊዜ በዱቤ ቢሰጥ፣ ሽማግሌዎቻቸውን በስማቸው ቢያውቅ፣ ጠባቂው በየዛፉ ሥር አለ። እርሱ የሚያልፍበትን ቀን የሚያውቅ፣ ክፉ ሰው ሲያይ የሚልክበት፣ ከተዘረፈም ዘራፊውን በሽማግሌ የሚያስመልስለት ወዳጅ ከአምስት ጥይት ይበልጣል።

እንግዲህ የተከበራችሁ አባወራዎችና እማወራዎች፤ ሽጉጥ መግዛት የአንድ ሰው ውሳኔ መሆን የለበትም። ባልና ሚስት ልጆች ከተኙ በኋላ ተቀምጠው እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ይመልሱ። ፈቃዱ በእጃችን አለን? ሥልጠናውን የሚሰጠን አለን? የብረት ሣጥኑን ከሽጉጥዋ በፊት ገዝተናልን? በቤታችን የሚጠጣ፣ የሚቈጣ፣ የሚያዝን ሰው የለምን? ገንዘቡን በሌላ መንገድ ለማስተላለፍ ሞክረናልን? ከእነዚህ አንዱ እንኳ «አይደለም» የሚል መልስ ካገኘ ግዢው ይቅር። ሁሉም በእውነት ከተሟላ፣ ሕግም ከፈቀደ፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራች፣ ክብደቷ በጣም ያልቀለለ፣ የመቺ ማገጃ ያላት ዘመናዊ አምስት ጐራሽ ከነሰገባዋ ትበቃለች፤ ከዚያ በላይ መፈለግ ጌጥ መፈለግ ነው።

በጌቴሴማኒ ቅዱስ ጴጥሮስ ሰይፍ ይዞ ነበር። በጭንቁ ሰዓት መዝዞ የቈረጠው ግን የአንድ አገልጋይ ጆሮ ነው፤ ያንንም ጌታችን መልሶ ፈወሰው። እኛ የተኰስነውን ጥይት ግን መልሶ የሚያገባልን የለም። አባቶቻችን «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቈስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነውና፣ መመጠኑ ከግዢው በፊት ይሁን።